ቆሎ ጥርስ ይፈልጋል

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ ክርክር ተነሳ። አንዷ ባልደረባችን ከቤቷ ጎመንና ምስር በምሳ ዕቃ ይዛ መጥታለች። ሌላው ከሕንፃው ሥር ካለው ቤት በርገር በቺፕስ አስመጥቷል። እሷ የእሱን ቺፕስ አንድ አንድ እያለች ታነሳለች። የእሷን ጎመን ግን ማንም አልነካውም። «እግዜር ቢወደን ኖሮ ጎመንን ቺፕስ ቺፕስ ያሰኘው ነበር» አለ ባለበርገሩ። ሳቅን። እኔ ግን ከሳቁ በኋላም ነገሩ ሲከነክነኝ ቆየ። እውነት የሚጎዳን ነገር ለምንድን ነው የሚጥመን?

የተለመደ መልስ አለው፤ ስህተትም አይደለም። ምላሳችን ለዛሬዋ አዲስ አበባ አልተሠራም። የተሠራው ምግብ ብርቅ ለነበረበት ዘመን ነው። ያኔ ጣፋጭ ማለት ጉልበት ነው። ቅባት ደግሞ የባሰ ጉልበት ነው፤ 1 ግራም ስኳር 4 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ 1 ግራም ቅባት 9 ይሰጣል። ጨውማ እዚሁ አገር ገንዘብ ነበር። አያቶቻችን በአሞሌ ይገበያዩ ነበር። ገንዘብ የነበረ ነገር ዛሬ በየቺፕሱ ላይ እንደ አቧራ ሲበተን ምላስ ምን ያድርግ? ሠርግ ነው የሚመስለው።

መራራው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ተክል ሮጦ አያመልጥም። እንዳይበላ ራሱን በምሬት ይከላከላል። የጎመን ያቺ መረር የምትል ጣዕም የመጣችው ከዚሁ ነው። ሰውነታችንም ይህን ያውቃል። ጣፋጭን የሚለየው የምላስ ተቀባይ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ መራራን የሚለዩት ግን 25 ገደማ ናቸው። ለስኳር አንድ በር ጠባቂ፣ ለመርዝ አንድ ሻለቃ ጦር እንደማለት ነው። ሕፃን ልጅ ገና እንደተወለደ ጣፋጭ ሲያቀምሱት አፉን ያሞጠሙጣል፣ መራራ ሲያቀምሱት ፊቱን ያጨማድዳል። ማንም አላስተማረውም።

እስከዚህ ድረስ ባለበርገሩ አሸንፏል። ግን እኔን ያላሳመነኝ አንድ ነገር አለ።

አማርኛችን «የላመ የጣመ» ይላል። ደልቶት ስለሚኖር ሰው ስናወራ «የላመ የጣመ እየበላ» እንላለን። አስቡት፤ ሁለቱ ቃላት ሁልጊዜ አብረው ነው የሚሄዱት። የላመ ማለት ደቆ ዱቄት የሆነ፣ ጥርስ የማያስቸግር ነው። ቋንቋው ራሱ ጣዕምን ከልስላሴ ጋር አጋብቶታል። ይህን እያሰብኩ አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። 11 ሰዓት ተኩል ነው። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። በአንድ በኩል ፓስቲ የሚጠብስ ልጅ አለ። ዘይቱ ጠቁሯል፤ ሽታው ግን የሰልፉን ግማሽ ይዞ ይሄዳል። በሌላ በኩል ቆሎ የሚሸጡ እናት ተቀምጠዋል። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ትንሽ ሱፍ። ልጁ ዘንድ ወረፋ አለ። እሳቸው ዘንድ የለም።

እኔም ፓስቲ ገዛሁ። አልዋሽም። የተጠቀለለበት ወረቀት ወዲያው ዘይት ጠጥቶ ጣቴን ከኋላው ማየት ጀመርኩ። በሦስት ጉርሻ አለቀ።

«እናቴ፣ ሰው ቆሎ ተወ እንዴ?» አልኳቸው።

«ቆሎ ጥርስ ይፈልጋላ የኔ ልጅ» አሉኝ፤ ስኒያቸውን ቆሎው ውስጥ እያንሿሹ። «አሁን ሰው ይቸኩላል።»

እኚህ ሴት የተናገሩትን አሜሪካኖች ብዙ ገንዘብ አውጥተው ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ነው። ኬቨን ሆል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 20 ሰዎችን ለአንድ ወር ያህል የምርምር ማዕከል አስገብተው መገቧቸው። ሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተነካካ ምግብ። የቀረበላቸው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ቅባት፣ ጨውና ፋይበር ተቀራራቢ ነው። የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ ተባሉ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክብደታቸው ወደ 1 ኪሎ ጨመረ። የሚገርመው ግን ሌላው ነው። ምግቡ ምን ያህል እንደጣማቸው ሲጠየቁ ያን ያህል ልዩነት አልተገኘም! ጎልቶ የታየው ልዩነት ፍጥነቱ ነው። የላመውን ቶሎ ቶሎ ዋጡት።

እንግዲህ ብዙ መብላታችን ሁሌ ስለጣመን አይደለም ማለት ነው። ጥርስ ስላልያዘውም ነው። ሆድ «በቃኝ» ለማለት ጊዜ ይፈልጋል፤ ፓስቲው ያንን ጊዜ አይሰጥም።

ሌላም ጥናት አለ፤ እሱ ያስቀኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው። ለሰዎች ላሲ የሚባለውን የህንዶች የእርጎና የማንጎ መጠጥ አቀረቡላቸው። ለገሚሱ ለጤና ጥሩ እንደሆነ፣ ለገሚሱ ደግሞ ጥሩ እንዳልሆነ ተነገራቸው። መጠጡ አንድ ነው። ጥሩ አይደለም የተባሉት ግን የበለጠ ጣማቸው። በኛ ቤት ይሄ ለምን እንደሚሠራ ግልጽ ነው። «ለጤናህ ጥሩ ነው» የሚባለው መቼ ነው? ፌጦ ሲሰጥህ። ኮሶ ሲያስጠጡህ። በልጅነቱ አፍንጫውን ተይዞ «ለጤናህ ነው» የተባለ ሰው አድጎ ሬስቶራንት ሲገባ «ጤናማ ምግቦች» የሚለውን የሜኑ ገጽ ቢያልፈው አይፈረድበትም።

ግን እስቲ ያንን ቃል ትተን የምንበላውን እንይ። እንጀራ አይጣፍጥም የሚል ሐበሻ አለ? ጤፍ በጣም ደቃቅ ስለሆነ የፍሬውን ገለፈት ለይቶ መጣል አይቻልም። ከነገለፈቱ ይፈጫል። ስለዚህ ነጭ ጤፍ የምንለው እንኳ እንደ ፉርኖ ዱቄት የተገፈፈ አይደለም። በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ዓይን ያወጣል። ሽሮስ? አተርና ሽምብራ ነው እኮ። ባለሙያ የዓለም ጤናማ ምግቦችን ዘርዝር ቢባል ከመጀመሪያዎቹ ረድፎች የሚጽፋቸው ናቸው። እኛ ደግሞ የምንበላቸው ጤና ብለን ሳይሆን ስለሚጥሙን ነው።

የሚጥሙት ግን በራሳቸው አይደለም። አንድ ሰው ቆሞ ስለሠራቸው ነው። የእናቴን ቁሌት አስታውሳለሁ። ሽንኩርቱ በደቃቁ ይከተፋል። ያለ ዘይት በደረቁ ይቁላላል። ሊያር ሲል ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ነጭ የነበረው ወርቃማ ይሆናል፣ ከዚያ ቡኒ። ያ ቡኒ ቀለም ተራ ነገር አይደለም፤ ሥጋ ሲጠበስም ሆነ ዳቦ ሲጋገር የሚመጣው ያው ጣዕም ነው። ሉዊ ካሚ ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1912 ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። እናቴ ማያርን አታውቀውም። አንድ ሰዓት ሙሉ ድስቱ ላይ ቆማ የምታማስለው ግን እሱን ነው። ዘይት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ትንሽ።

አሁን መሀል ከተማ፣ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ፣ ረቡዕና ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ በያይነቱ እዘዙ። ሽሮው ጠርዝ ላይ ዘይት ቋጥሮ ይመጣል። አተር ክኩ ያበራል። ለምን? ያንን አንድ ሰዓት የሚቆም ሰው ስለሌለ ነው። ጋዝና ከሰሉም ውድ ነው። ዘይትና ጨው ጊዜን ይተካሉ። በፍጥነት የሚገኝ፣ ርካሽ ጣዕም ናቸው። ባለሆቴሉን አልኮንነውም፤ የምሳ እረፍት አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ሰው ደግሞ በር ላይ ቆሟል።

እና የኔ አስተያየት ይሄ ነው፦ ጤናማ ምግብ አይጣፍጥም የሚለው ወሬ ነው። ጤናማ ምግብ ሰው ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ያንን ሰው ለዘመናት ሳንከፍለው አሠርተነዋል። እናት፣ ታላቅ እህት፣ የቤት ሠራተኛ። ዛሬ ያቺ እህት ቢሮ ናት፤ ደግ አደረገች። በቦታዋ የገባ ግን የለም። ወንዶቹማ (እኔንም ጨምሮ) ስለ «የድሮ ወጥ» እናወራለን እንጂ ሽንኩርት ስንከትፍ አንታይም። ያ ባለበርገር ጎመኑን የነቀፈው ባልደረባችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ እንደሠራችው ሳያውቅ ነው። ጠይቄያት ነግራኛለች።

ምላስ ደግሞ እንደሚባለው ግትር አይደለም። ቡናን ማን ነው በመጀመሪያው ስኒ የወደደው? እኔ ሻይ በሁለት ማንኪያ ስኳር ነበር የምጠጣው። ባለፈው ጾም ተውኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ሻዩ የታጠበ ብርጭቆ ውሃ ነው የሚመስለው። በወሩ ግን ካፌ ውስጥ አስተናጋጁ ስኳር ጨምሮ ያመጣልኝን ስቀምስ የሳል ሽሮፕ መሰለኝ። በነገራችን ላይ ጋዙ የወጣና ሞቅ ያለ ኮካ ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? አይጠጣም፤ ስኳር ነው። በ330 ሚሊ ሊትሩ ቆርቆሮ ውስጥ 35 ግራም አለ፤ ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ቅዝቃዜው ነው የሚደብቀው።

ትናንት እዚያው ሰልፍ ላይ ቆሜ ከእናትየው ሁለት ስኒ ቆሎ ገዛሁ። ሱፍ ጨመሩልኝ። ልጁ ፓስቲውን ሲያወጣ ሽታው እንደ ሁልጊዜው ጠራኝ፤ አንዷን ገዝቼ ሰልፉ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ጨረስኳት። ቆሎውን መገናኛ ስወርድም አላለቀም። ማታ ጃኬቴን ስሰቅል ከኪሴ መሬት ላይ ተንጠባጠበ።