ከንፈራችሁን ለስኒው አቆዩልኝ

ዛሬ ሳልናገር ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። ታገሱኝ።

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ ጀበና ቡና አፈላለሁ። ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚያ በፊት ባንክ ቤት ቴለር ነበርኩ። የአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። ዲግሪው አማኑኤል ከተማ፣ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከማርያም ሥዕል ትንሽ ዝቅ ብሎ። ይቺን ታሪክ በቀን ቢያንስ አራቴ እጠየቃለሁና አንዴ ጽፌያት ልገላገል።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ መጥቶ ተቀመጠ። ብርዱን ታውቁታላችሁ። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት እጅን ከኪስ አውጥቶ ሰው መጨበጥ ራሱ ወጪ ነው። ስኒውን በሁለት እጁ አቅፎ አየኝ፣ አየኝና፣

«አንቺ፣ ባንክ አልነበርሽም?»

«ነበርኩ።»

«እና ምን ነካሽ? አባረሩሽ?»

«ለቀቅኩ።»

ከንፈሩን መጠጠ። ልክ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። «አይዞሽ፣ ያልፋል» አለኝ።

ምኑ ነው የሚያልፈው? ቡናው? ቡናው ገና አቦሉ ነው! ምን እንዳዘነልኝ ሳይገባኝ ሦስቱንም ጠጣ። ቶናውንም በረካውንም። ሊሄድ ሲል አዲስ ባለ 200 ብር አወጣ። በጠዋት! ሳጥኔ ውስጥ ገና ሃምሳ ብር አልገባም። ዝርዝር የለኝም ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለዚህ እኮ ነው የማታድጉት።»

እንግዲህ ይሄን ሰውዬ ምን ልበለው? ባለጌ እንዳልለው አዝኖልኛል። ደግ እንዳልለው ዝርዝር ፍለጋ አምስት ሱቅ አዙሮኛል፤ እስክመለስ ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው።

ደግሞ ባለጌ ደንበኛ አልለምድ ብዬ አይደለም። ለምጄዋለሁ። ጣቱን እያጮኸ የሚጠራኝ አለ። የሚያጨበጭብ አለ፤ እሱን ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳና «ስላጨበጨቡልኝ አመሰግናለሁ» እለዋለሁ። አንድ ስኒ አዝዞ ሁለት ስልክ ቻርጅ ላይ ሰክቶ እስከ ምሳ የሚቀመጥ አለ። ፈንድሻውን በእፍኝ ኪሱ የሚከት አለ። «ነገ እሰጥሻለሁ» ብሎ መናኸሪያው አዲስ እስኪሠራ የሚጠፋ አለ። «ስኳር አላረግሽበትም» ብሎ የሚጮህ አለ፤ ሳያማስል። ለነዚህ ሁሉ መድኃኒት አለኝ። መድኃኒቱ ዕጣን ነው። ማጨሻው ላይ ቆንጠር አድርጌ ወደሱ አቅጣጫ አዞረዋለሁ። ይሳላል። «ይቅርታ ጋሼ፣ ነፋሱ ነው» እላለሁ። ነፋስ የለም።

አንዳንዴ እንደ ዕድል ሆኖ ነፋሱ ወደኔ ይዞራል። እሱ የእግዜር ሥራ ነው፣ ልለፈው።

ባንክ ቤት ግን ዕጣን የለም። መስታወት ነው ያለው። ከመስታወቱ በላይ ደግሞ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይላል። እንደው እዚህ ማርቆስ ላይ ይሄን መጻፍ ምን ይሉታል? ከተማዋ መንቆረር በነበረች ጊዜ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እዚሁ ነበር መቀመጫቸው። ያኔ ንጉሥ አንድ ነው። እኔ በቀን ሁለት መቶ አስተናግጄ ማታ ሒሳብ እዘጋ ነበር።

በተለይ የ2013ቱን አልረሳውም። መስከረም 4 የብር ኖት ተቀየረ ተባለ። አዲስ ባለ 10፣ ባለ 50፣ ባለ 100፤ ያቺ ዛሬ ጠዋት ያበሳጨችኝ ባለ 200ም የተወለደችው ያኔ ነው። መቀየሪያው ሦስት ወር ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ በእንስራ ተቀብሮ የከረመ ብር ቆጠርኩ። አፈር የሚሸት ብር፣ ጭስ የሚሸት ብር። የኮሮና ጊዜ ነው፤ አፍና አፍንጫችን ታፍኗል። ጣቴ ተላጠ። በሕልሜ ሁሉ ብር እቆጥራለሁ፤ ሊሞላ ሲል እነቃለሁ።

ከገጠር የመጣው ገበሬ ግን አንድም ቀን አልሰደበኝም። በሌሊት ተነስቶ ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ «እግዜር ይስጥልን የኔ ልጅ» ብሎ ነው የሚሄደው። የሚሰድበኝ በሰልፉ ጎን መጥቶ መስታወቱን በቁልፍ እየመታ «እኔን አታውቂኝም?» የሚለው ነው። አላውቅህም ማለት አይቻልም። ፈገግ ማለት ነው። ጭምብል ለብሼም ፈገግ በይ እባላለሁ። አንዱ የመታወቂያው ቀን አልፏል ስላልኩት «አንቺን እዚህ ያስቀመጠሽ ሰው ነው የሚያሳዝነኝ» ብሎኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። እሱን። ከዚያ እኔን ጠርቶ ይቅርታ ጠይቂ አለኝ። ጠየቅኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ማታ ሒሳብ ስዘጋ 4,000 ብር ጎደለኝ። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ደጋግሜ ቆጠርኩ። የለም። ቴለር የሆነ ሰው «ጉድለት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሆዱ ይገለበጣል። ከደመወዜ ተቆረጠ። ደመወዜ ደግሞ ግብሩና የጡረታው 7 በመቶ ከሄደ በኋላ የተረፈች ነገር ናት። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ደግሞ «ዲፖዚት አምጡ» ነው። አክስቴ በግ የሸጠችበትን ብር ከሌላ ባንክ አስወጥታ እኛ ጋ እንድታስገባ ለምኛለሁ። ሱፍ ለብሼ፣ ተረከዝ ጫማ አድርጌ ለምኛለሁ። ያን ጊዜ ግን ማንም ከንፈር አልመጠጠልኝም። «ባንክ ናት» ነበር የሚባለው። «ታድላለች።»

አሁን ማታ 12 ሰዓት ላይ ስኒዬን አጥቤ፣ ረከቦቴን ጠራርጌ እቤቴ ነኝ። ብሬን ስቆጥር ከጎደለኝ የጎደለው የኔው ነው፤ ማንም አይጠይቀኝም። ባለጌ ሲመጣ ዕጣን አለኝ። ሕልሜም ተመልሷል፤ ባለፈው ፍየል ሳግድ አየሁ። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ ብር እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

ሁሉ ማር ነው አላልኩም። ጭሱ ዓይኔን ያጠፋኛል። ክረምት ላይ ሸራው ያፈሳል። የጥሬ ቡና ዋጋ ነጋዴው በጠራ ቁጥር ሌላ ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መናኸሪያው ጭር ይላል፤ መኪና የለም፣ ተጓዥ የለም፣ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር የራሴን ቡና ጠጥቼ የምገባበት ቀን አለ። ያን ቀን ባንኩ ትዝ አይለኝም ብል እዋሻለሁ። ደመወዝ ዘግቶም ከፍቶም ይገባል።

ለማንኛውም ጎጃም ውስጥ ቡና መሸጥ የራሱ ጣጣ አለው። እዚህ ስድብም ሰምና ወርቅ አለው። በጀመርኩ ሰሞን አንድ ትልቅ ዱላ ከእጃቸው የማይለይ አባት መጡ። አንድ ፉት አሉና «ልጄ፣ ቡናሽ እኮ አባይ ነው!» አሉኝ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። በአባይ ተመሰገንኩ ብዬ ፈንድሻ ጨመርኩላቸው። ከሄዱ በኋላ ከጎኔ ሽንኩርት የምትሸጠው እትዬ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «አንቺ! ውሸታም ነው ያሉሽ እኮ! ቡና ሳይሆን ቡና ነኝ ይላል ማለታቸው ነው።» ሌሊቱን ሳብሰለስለው አደርኩ። በማግሥቱ መጡ። «እንዴት ነው፣ አባይ ደኅና አደረ?» አሉኝ።

«አባይማ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» አልኳቸው፤ ዱላቸውን እያየሁ።

ዝም አሉ። ዱላው ሊያርፍብኝ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ፤ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። አሁን በቀን ሁለቴ ይመጣሉ። እውነት ለመናገር ያን ቀን ቡናውን አቅጥኜው ነበር። እንዲህ ያለ ስድብ በየቀኑ ቢመጣልኝ በነፃ አፈላለሁ። ባንክ ቤት ብሆን ኖሮ «አባይ ማደሪያ የለው» ባልኩ ማግሥት ደብዳቤ ይደርሰኝ ነበር።

ሌላ ደንበኛ አለኝ፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር። የሱፉን ሰውዬ ነገር ስነግራቸው ሳቁና «አዋጁን አልሰማም ማለት ነው» አሉ። የምን አዋጅ ስላቸው ነገሩኝ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚሸምነውን ሸማኔ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያላችሁ በሥራው አትስደቡ ብለው አውጀዋል። መቶ ዓመት አልፎታል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አዋጁ ስድብን ከለከለ እንጂ ከንፈር መምጠጥን አልከለከለም። ሰው ታዲያ ቀዳዳውን አገኛት።

ደግሞ ይሄ የቅኔ አገር ነው። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንን ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ እያልን እየጠራን ደረታችንን እንነፋለን። ቅኔውን የቆጠሩት ልጆች እኮ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ ቁራሽ በየደጁ ሲለምኑ ነው የተማሩት። እነሱን ማንም «አይ፣ ምን ነካህ?» አላላቸውም። ተማሪው ለምኖ ሲያበቃ ሊቅ ይባላል። የተማረችው ሠርታ ስትበላ ነው ለቅሶ የሚቀመጠው።

አሁን ወደ ዋናው ቁስሌ ልምጣ። የሱፉ ሰውዬ ያበሳጨኝ ለብቻው አይደለም። ባለፈው ሳምንት የመጣችብኝ ናት ያስቆጣችኝ።

እናቴ ባንኩን መልቀቄን ለአማኑኤል ሰው አልተናገረችም። ማኅበር ላይም ዕድር ላይም «ልጄ ባንክ ናት» ነው። ሦስት ዓመት! እኔም አልተቃወምኳትም፤ ስሟን ልጠብቅላት ብዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ጎረቤታችን፣ በልጅነቴ ያዘለችኝ፣ ለሕክምና ማርቆስ መጣች። ከመናኸሪያ ስትወጣ ደከማትና ቡና ልጠጣ ብላ ቁጭ አለች። የት? እኔው በርጩማ ላይ። ቀና ስል ፊት ለፊት ተያየን።

«ኡኡቴ! አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እትዬ። እንዴት ነሽ?»

ስማኝ፣ ጉልበቴን ስማኝ፣ ከንፈሯን መጠጠች። አንዴ አይደለም። ስቆላ መጠጠች፣ ስወቅጥ መጠጠች፣ ስቀዳ መጠጠች። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ጠዋት ብቻ ከመቶ ስኒ በላይ ቀድቼ ነበር፤ ማክሰኞ ነው፣ መናኸሪያው ሞልቷል። ልንገራት? እንዴት ብዬ? ሒሳብ እንዳትከፍል ለመንኳት። ልትሄድ ስትል የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። የታጠፈች መቶ ብር አወጣችና መዳፌ ውስጥ ጨመረች።

«ለሳሙና ትሁንሽ የኔ ልጅ።»

ምጽዋት! ለኔ! የቴለር ወንበር ላይ ሆኜ 4,000 ብር ሲቆረጥብኝ ለሳሙና የሰጠኝ የለም። የሷ እጅ ደግሞ የተሰነጠቀ ነው፤ ለመድኃኒት የያዘቻት ብር ትሆናለች። አልቀበልም ብላት ትቀየመኛለች። ተቀበልኩ። ተቀብዬ ጉልበቷን ሳምኩ። ከሄደች በኋላ ግን ማራገቢያዬን ይዤ ከሰሉ ላይ ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። እትዬ ሽንኩርቷ «ጭሱ ነው?» አለችኝ። ጭሱ ነው አልኳት።

የሚያጨበጭበውን እችለዋለሁ። በአባይ የሚሰድበኝን እችለዋለሁ። ፍቅር ያለበትን ከንፈር መምጠጥ ግን በምን ልመልሰው? ዕጣን አይሠራበትም።

ማታ እናቴ ደወለች። ወሬው ከመኪናው ቀድሞ አማኑኤል ገብቷል።

«አየችሽ አሉ» አለችኝ።

«አየችኝ።»

ረጅም ዝምታ። ባላንሷ አለቀ ብዬ ሳስብ፣

«ጀበናው ያ የኔው ነው?»

«ያንቺው ነው። አንገቱ ትንሽ ተሸርፏል እንጂ።»

«ይንጠባጠባል እኮ እሱ። በቀን ስንት ስኒ ይሄድልሻል?»

ነገርኳት። እንደገና ዝም። ቀስ ብላ በስኒ 25 ብር ስታባዛ ይሰማኛል። አስኳላ አልገባችም፤ ሒሳብ ግን ከኔ ትበልጣለች።

«ያ ባንክ ይሄን ያህል ይከፍልሽ ነበር?» አለችኝ።

«ኧረ ምን!»

ሌላ ምንም አላለችም። ደኅና እደሪ ብላ ዘጋች። ቅዳሜ ግን የአማኑኤል መኪና ረዳት አንድ ትልቅ እቅፍ ጤና አዳም አምጥቶ ወረወረልኝ። «እናትሽ ልካለች፣ ለንግድ ቤትሽ ነው ብላለች» አለኝ። ንግድ ቤት! አራት በርጩማና አንድ ሸራ። ዕድር ላይም አሁን «ባንኩን ትታ ንግድ ገባች» እያለች ነው አሉ። ተዋት፣ ትበል።

ነገ ለምትመጡ፣ ጤና አዳሙ ገና አላለቀም። ባለ 200 ግን ይዛችሁ እንዳትመጡ። ዝርዝር የለኝም።