ግድግዳውን ያረጠበው ዕድሜ አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንድ ባለሙያ ስለ አዲስ አበባ አሮጌ ትምህርት ቤቶች ተጠይቀው፣ «ግድግዳቸው እርጥበት ይዟል፣ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፤ ይፍረሱና ባለ ብዙ ፎቅ ይሠራ፣ ስማቸውን እናቆያለን» ሲሉ ሰማሁ። የሞገታቸው የለም።

ስማቸውን! ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ጣሊያን ዘጋው፤ አብዮቱ ደግሞ ስሙን ገፎ እንጦጦ አሰኘው። ስም በአንድ ደብዳቤ ይነጠቃል። ሳይነጠቅ የቀረው ግቢውና ድንጋዩ ነው።

ይበልጥ ያናደደኝ ግን የእርጥበቱ ነገር ነው። የጥንቱ ግንበኛ ድንጋዩን በኖራ አያይዞ በኖራ ለሰነው። ግድግዳው ከመሬት ውኃ ይስባል፣ ኖራው መልሶ ያስተነፍሰዋል። ከዚያ «አዳሾች» መጡ፤ በላዩ ላይ ሲሚንቶ ለሰኑበት፣ በሲሚንቶው ላይ ፕላስቲክ ቀለም ቀቡበት። ውኃው መውጫ አጣ። ወደ ላይ ወጣ፣ ጨው ይዞ ገፋ፣ የድንጋዩን ፊት ፈረፈረ። እኔ በተማርኩበት አሮጌ ክፍል በመስኮቱ በኩል ቀለሙ እስከ ደረት ከፍታ ተነፍቶ ነበር፤ በጣት ሲነኩት ነጭ ዱቄት ይረግፋል። ሲሚንቶ ያልደረሰበት፣ ከደረጃው ሥር ያለው የዚያው ግድግዳ ክፍል ግን እንደ አጥንት ደረቅ ነበር። አንድ ግድግዳ፣ አንድ ዕድሜ! ታዲያ የታመመው በእርጅና ነው ወይስ በሐኪሙ? አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ዝናቡን በግድግዳው ላይ ሲያፈስ ዓመታት ያለፉበትን ሕንፃ «ዕድሜውን ጨረሰ» ማለት ድፍረት ነው። በዕድሜ ብቻ የሞተ የድንጋይ ግድግዳ አላየሁም፤ በቸልተኝነት የተገደለ ግን ሞልቷል።

የተማሪው ቁጥር መብዛቱ እውነት ነው። ለዚያ አዲስ ሕንፃ ይሠራ፣ ከአሮጌው ጎን ይቁም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የወጣው እንዲህ ያለው ውሳኔ በአንድ ሰው አፍ እንዳያልቅ ነው።

ባለሙያው እርግጠኛ ከሆኑ አንድ ነገር ያድርጉ። ከነዚያ ግድግዳዎች በአንዱ ላይ አንድ ካሬ ሜትር ሲሚንቶ አስልጠው አሸንዳውን ያስጠርጉ፣ አንድ በጋም ይታገሱ። ከዚያ መጥተው እጃቸውን በድንጋዩ ላይ ያሳርፉ።