እኔ ሌባ ከሆንኩ ሬዲዮ ጣቢያውስ?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሽንኩርት እየከተፍኩ ኤፍ ኤም ከፍቼ ነበር። እንግዳው አንድ አንጋፋ የካሴት አሳታሚ ናቸው። ስማቸውን አላነሳም፤ ጠቤ ከንግግራቸው እንጂ ከሳቸው አይደለም። ስለ ድምፃውያን መብት ሲያወሩ ቆዩና፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚቀዳ ሰውም ሌባ ነው አሉ። ከኪስ አውላቂ የሚለየው ጫማውን አውልቆ መስረቁ ብቻ ነው አሉ። አዘጋጇ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ቢላዋዬን አስቀመጥኩ።

ጫማዬን አውልቄ ነበራ።

ከሽንኩርቱ ማዶ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ባለ ሁለት ካሴቱ ቴፕ ከላፕቶፑ ጋር ተያይዞ የአባቴን ካሴት እያዞረ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት። ወንጀሉ የተፈጸመው እዚህ ነው፤ አድራሻ የጠፋበት ፖሊስ ካለ ይኸው።

ስድቡን እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ቀጥለው ያሉትን ነው። «በእኛ ጊዜ ሕዝቡ ኦሪጅናል እየገዛ ነበር የሚሰማው» አሉ። የትኛው ሕዝብ? እኔ ያደግኩት ቃሊቲ ነው። ግቢያችን ውስጥ ስድስት ቤተሰብ ነበር፤ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ የነበረው ግን አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ቤት ብቻ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ወይ ለፋሲካ አዲስ ካሴት ሲወጣ አንዱ ቤት ይገዛል፣ አምስቱ ያስቀዳል። ጋሼ ከመስመር ሲመለሱ ባዶ ካሴት ይዘን በራቸው ላይ እንሰለፋለን። «በሃይ ስፒድ አልቀዳም፣ ድምፁን ይበላዋል» ይሉ ነበር። ስለዚህ ስልሳ ደቂቃ ሙሉ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን እንሰማለን። ባዶ ካሴት ያጣ ደግሞ የሰለቸውን ካሴት አምጥቶ፣ በላዩ እንዳይቀዳበት ከላይ የተሰበረችውን ቀዳዳ በፕላስተር ደፍኖ፣ በላዩ ላይ ያስቀዳል።

ባዶ ካሴቱንስ ማን ነበር የሚሸጥልን? ሙዚቃ ቤቱ ነዋ! የዘፈን ዝርዝር ጽፈህ ትሰጣለህ፣ በማግስቱ ምርጥ ምርጡ ተቀድቶ ይጠብቅሃል። ለዚህ ይከፈል ነበር፤ ለዘፋኙ ሳይሆን ለሙዚቃ ቤቱ። እንግዲህ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የሰረቀው ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

እሺ፣ ድሮውን እንተወው። ዛሬ ለምን እቀዳለሁ? ካሴቱ እየሞተ ስለሆነ ነው። ካሴት ማለት በቀጭን የፕላስቲክ ክር ላይ በሙጫ የተለጠፈ የብረት ብናኝ ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲያወጣው ለሙዚቃ ብሎ እንኳ አልነበረም፤ ንግግር እንዲቀዳበት ነበር። የክሩ ስፋት 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፣ ስቴሪዮ ከሆነ ደግሞ በዚያች ስፋት ላይ የሁለቱ ገጽ አራት መስመር ድምፅ ተደርድሯል። እንዲህ ያለ ነገር ሠላሳ ክረምት አሳልፎ ዛሬም መዝፈኑ ራሱ ይገርማል። ሙጫው ይለቃል። ክሩን ከቴፑ «ሄድ»፣ ማለትም ድምፁን ከሚያነበው ክፍል ጋር የምታገናኘው ስፖንጅ ትወልቃለች። የዘጠና ደቂቃው ክር ከስልሳው ስለሚሳሳ ቴፕ ሲበላው ተጨማዶ ይወጣል፤ በእስክሪብቶ ብታጠነጥነው ክሩ ይመለሳል፣ ድምፁ ግን እንደነበረው አይሆንም።

ሌብነቴን በዝርዝር ልናዘዝ። ሄዱን በጥጥና በአልኮል እጠርጋለሁ። ካሴቱን አንዴ እስከ መጨረሻው አጠነጥነዋለሁ። አምስቱን ብሎን ፈትቼ ስፖንጇን እቀይራለሁ፤ ብሎን የሌለው፣ ተጣብቆ የተሠራ ከሆነ በቢላ ጫፍ እሰነጥቀዋለሁ፣ እዚያ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ ወዲህ ወዲያ አደርጋታለሁ፤ ሩብ ዙር እንኳ አይሞላም። ድምፁ እስከዚያ ብርድ ልብስ ለብሶ የተኛ ይመስላል። አንዲት ነጥብ ላይ ስትደርስ ግን ድንገት ብርድ ልብሱ ይገለጣል። የከበሮው ቆርቆሮ ጠራ ብሎ ይመጣል፣ ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት የሳበችው ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ስልሳ ደቂቃ፣ አቋራጭ የለውም። መብራት ከጠፋ ደግሞ ከመጀመሪያው። ሰፈራችን መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ለምታውቁ መንገር አያስፈልግም። የምቀዳውም ሳልጨምቅ ነው፤ ባለ 128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ሲዲው ከሚይዘው መረጃ አንድ አሥራ አንደኛውን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ይህን ያህል ደክሜ ለዚያ አላደርገውም። ለመሆኑ ኪስህን ጠግኖና ሰፍቶ የሚሄድ ኪስ አውላቂ አይተህ ታውቃለህ?

ማስተሩ፣ ማለትም ከስቱዲዮ የወጣው ዋናው ቅጂ እያለ ለምን ትደክማለህ የሚል አይጠፋም። የት አለ? የአባቴ ካሴት ሽፋን ላይ የአሳታሚው አድራሻ በትንንሽ ፊደል ታትሟል። አምና ሄጄ ጠየቅኩ። ቤቱ የስልክ ከቨር መሸጫ ሆኗል። የባለቤቱ ልጅ ነኝ ያለኝ ወጣት፣ የማስተሮቹ ሪሎች የነበሩበት መጋዘን ዝናብ ገብቶበት ተጣሉ አለኝ። እንዲሁ በቀላሉ፣ የበሰበሰ ድንች የጣለ ያህል። ሪሉ እኮ እናቲቱ ነው፤ የሁሉም ካሴት መነሻ። ያ አልበም ዛሬ ያለው እንደኔ ባሉ ሌቦች ቤት ነው። ባለመብቶቹ አላስቀመጡትም። ምናልባት አንዳንዱ አስቀምጦ ይሆናል፤ እኔ ግን አላገኘሁም፣ ስለዚህ የለም ብያለሁ።

ከሁሉ የገረመኝን ገና አልነገርኳችሁም። ቃለ መጠይቁ አልቆ አዘጋጇ በአንድ የድሮ ዘፈን እንሰናበት ብላ ለቀቀችው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፁ ዋለለ። ግራው ታፈነ፣ ሦስት ሰከንድ ያህል፣ ከዚያ ተመለሰ። ይሄን ድምፅ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ አውቀዋለሁ። ቴፕ በልቶት በእስክሪብቶ የተጠነጠነ ካሴት ነው። አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ጫማውን አውልቆ የቀዳው ነው። ሌባ ተብሎ በተሰደበ በሁለተኛው ደቂቃ ጣቢያው የሰውየውን ቅጂ ለከተማው ሁሉ አሰማው። እንግዳው እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ነበሩ። ሰምተው ይሆን?

ፒያሳ ሲፈርስ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡ አንዲት እናት አሉ፤ የእህቴ ባልደረባ እናት ናቸው። አሥራ አራት ካሴት በፌስታል ይዘውልኝ መጡ። «የኔ ልጅ፣ ቴፑ ዕቃ ሲጫን ተሰበረ፤ ካሴቱን ግን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ያመጣሁት» አሉኝ። ዘጠነኛው ካሴት ላይ የታወቀ ዘፋኝ ፎቶ አለ፤ ከላይ ያለችው ቀዳዳ በፕላስተር ተደፍናለች። ሁለት ዘፈን ተጫወተ። ሦስተኛው መሀል ላይ ቀጭ አለና የሰው ድምፅ መጣ። ባላቸው ናቸው፤ ከጂዳ የላኩት። ደብዳቤ መጻፍ ስለሰለቻቸው ነው በካሴት የላኩት። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ላኩት ብር፣ ስለ ልጃቸው የጫማ ቁጥር ያወራሉ። እትዬ የጫማው ቁጥር ላይ ሲደርስ ሳቁ። «ሠላሳ ሁለት ብዬው ሠላሳ አራት ላከ» አሉ። እንግዲህ የመብት ባለሙያ የሆናችሁ ይህን ክር አካፍሉልኝ። የመጀመሪያው ስምንት ደቂቃ የአሳታሚው፣ የቀረው የእትዬ ነው? ቴፑን መቼ ላቁመው?

ሕግ ካነሱ ደግሞ ሕጉን ያንብቡት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ አንቀጽ 9። ታትሞ የወጣን ሥራ አንድ ግለሰብ ለራሱ መጠቀሚያ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። የመጽሐፍ አብዛኛው ክፍል፣ የሙዚቃ ኖታ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የመሳሰሉት በዚህ አይፈቀዱም፤ የሥራውን ገበያ የሚጎዳ ቅጂም አይፈቀድም። ገበያ? እናቲቱ ድንች ሆና ከተጣለች በኋላ የምን ገበያ ነው የምጎዳው?

«ሕግ ሕግ ነው» ማለትም አያዋጣቸውም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ሥልጣኑ በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። እሱ ግን አሳተመ። ዛሬ ዓለም የሚያብድባቸው ሸክላዎች እንዲያ ነው የወጡት። በእንግዳው ሚዛን እሳቸው ሊኮሩበት የሚገባው የሙያ አባታቸውም ሌባ ሊሆን ነው።

ይህ የ«ቤት ቅጂ ገደለን» ለቅሶ የኛም ፈጠራ አይደለም። እንግሊዞቹ አሳታሚዎች በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ቤት ውስጥ መቅዳት ሙዚቃን እየገደለ ነው ብለው ዘመቻ ከፍተው ነበር፤ ምልክቱ የካሴት ቅርጽ ያለው የራስ ቅል ነበር። ሞተ? በ1982 ሲዲ መጣና እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ አይተውት የማያውቁትን ገንዘብ ዛቁ። ሶኒ በ1987 ዳት የሚባለውን ዲጂታል ካሴት ሲያወጣም ተነሡበት፤ ለቤት የሚሸጡት ማሽኖች የቅጂ ቅጂ እንዳያወጡ የሚያግድ መቆለፊያ ተደረገባቸው። ዳት ሰው ቤት ሳይገባ ቀረ። ተራው ካሴት፣ ማንም የሚቀዳው ካሴት፣ ቀጠለ። እንደኔ ግምት የቀጠለውም ስለሚቀዳ ነው።

ሙዚቀኛውን ኃይሉ መርጊያንም ተመልከቱ። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣች ካሴቱ ተረስታ እሱ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ፣ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር አንድ ካሴት ቤት ውስጥ አገኛት። በ2013 እንደገና ታተመች፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ያ ሰብሳቢ በምን ጀመረ መሰላችሁ? የአፍሪካ ካሴቶችን እየቀዳ በኢንተርኔት በነፃ በማስደመጥ። ኋላ ላይ አሳታሚ ሆነ፣ ትርፉንም ከሙዚቀኞቹ እኩል መካፈል ጀመረ። መጀመሪያ ግን ቀዳ።

አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። ታክሲ ተራው ጋ ትናንት የወጣ አልበም ፍላሽ ላይ እየጫነ የሚሸጠው ልጅ ትክክል አይደለም። አዲስ ነገር ሲወጣ እኔም እገዛለሁ። ግን ልጁን ከኔና ከእትዬ ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ አይክተቱን። ካስፈለገ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1965 ያደረጉት አለ፤ መቅጃው ሲሸጥ ትንሽ ክፍያ ተቆርጦ ለሥራው ባለቤቶች ይሰጣል። እኛም አገር ከሚገባው ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ሁለት ብርም ቢሆን ይቆረጥና በቀጥታ ለሙዚቀኛው ይድረስ። እኔ ነገ እከፍላለሁ። ገንዘቡ በአሳታሚዎች በኩል ይለፍ ከተባለ ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

እንግዳው ይህን ካነበቡ ግብዣ አለኝ። ካሳተሟቸው ካሴቶች ማስተሩ የጠፋባቸው ካለ ካሴቱንና ባዶ ፍላሽ ይዘው ቱሉ ዲምቱ ይምጡ። ቡና አፈላለሁ፤ ገንዘብ አልጠይቅም። ጫማቸውን ግን በር ላይ ያውልቁ፤ ስልሳ ደቂቃውንም ይቀመጡ፤ በሃይ ስፒድ አልቀዳም።