«አልችልም» ማለት ሌላ፣ «አልፈልግም» ማለት ሌላ

ገና ሳይነጋ ሁለት ወንዶች ሽጉጥ ይዘው ተፋጠዋል። አንዱ «የእህቴ ክብር ተነካ» ባይ ነው። ሌላው እህቲቱን ከማግባት መሞት ይሻለኛል ብሏል። ጠልቷት እንዳይመስላችሁ፤ ይወዳታል። የማያገባት በሞተ አባቱ ላይ ቂም ስለያዘ ነው። ልጅቷ በፈረስ ጋልባ መሃላቸው ካልገባች አንዱ መሞቱ ነው።

ይሄ የኔትፍሊክሱ «ብሪጀርተን» የመጀመሪያው ሲዝን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020፣ የፈረንጆቹ ገና ዕለት ወጣ። መነሻው ጁሊያ ኩዊን በ2000 ያሳተመችው «ዱኩና እኔ» የተባለ ልብ ወለድ ነው። ቦታው ለንደን፣ ጊዜው 1813። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ አእምሯቸው ታውኮ ልጃቸው ከ1811 እስከ 1820 በእንደራሴነት የገዙበት ዘመን ነው፤ እንግሊዞች ሪጀንሲ ይሉታል። (እንደራሴ የሚለውን ማዕረግ እኛም ከራስ ተፈሪ እናውቀዋለን።)

ብዙ ሰው ታሪኩን «ፍቅር ቂምን አሸነፈ» ብሎ ነው የሚያወራው። እኔ ግን አልዋጥልህ ብሎኛል።

ያ አላገባትም ያለው ሰው ዱኩ (መስፍኑ) ሳይመን ነው። በልጅነቱ ይንተባተብ ነበር። አባቱ በዚህ የተነሳ ናቀው፣ ፊቱን አዞረበት። አባትየው ሲያጣጥር ልጁ አልጋው ዳር ቆሞ ማለ፦ አላገባም፣ አልወልድም፣ ዘርህ እኔ ላይ ያበቃል። ከሽጉጥም ከመርዝም የከፋ በቀል ነው። ማዕረጉ የሚወረሰው በወንድ ልጅ ነዋ! ወንድ ልጅ ከሌለ ቤቱ ጠፋ ማለት ነው።

ችግሩ አባትየው ሞቷል። ሙት ደግሞ አይሰማም። ዕዳው ሄዶ ሄዶ ዳፍኒ ላይ፣ ያቺ በፈረስ ጋልባ የደረሰችው ልጅ ላይ፣ ወደቀ።

«ልጅ ልሰጥሽ አልችልም» አላት። መካን ነው ብላ አዘነችለት፣ አገባችው። እናቷ ከሠርጉ በፊት ስለ ጫጉላ የነገረቻት ረብ ያለው ነገር የለም፤ አፍራ፣ ተንተባትባ፣ ወጣች። ልጅ እንዴት እንደሚረገዝ ዳፍኒ የሰማችው በኋላ ደንገጡሯን ጠይቃ ነው። ያኔ ነው «አልችልም» ያለው «አልፈልግም» መሆኑ የገባት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ቂም ይዞ ትዳርም ያው ነው።

ታዲያ ምን ታድርግ? በጊዜው ሕግ ያገባች ሴት ንብረቷ የባሏ ነው። ሙሉ ፍቺ የሚገኘው ፓርላማ አዋጅ ሲያወጣ ብቻ ነበር። ሕጉ በ1857 እስኪለወጥ ድረስ ራሳቸው ጠይቀው በዚህ መንገድ ፍቺ ያገኙ ሴቶች አራት ናቸው። አራት!

በር ሁሉ ሲዘጋባት እሷም አጸፋውን መለሰች። አልጋ ላይ፣ እሱ ሳይስማማ፣ እንድታረግዝ አደረገች። ብዙ ተመልካች በዚህ ትዕይንት ተቆጥቷል፤ እውነቱን ነው። እኔን የበለጠ ያናደደኝ ግን ደራሲዎቹ ነገሩን ቶሎ ማለፋቸው ነው። ጥቂት ኩርፊያ፣ ከዚያ ዝናብ ውስጥ ጭፈራ፣ ከዚያ እርቅ። አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለው «አንተ ይሄን አደረግህ፣ እኔ ይሄን አደረግሁ» ሳይባባሉ!

በመጨረሻ ዳፍኒ ወለደች። ሳይመን ሕፃኑን አቅፎ ያለቅሳል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ እኛም እንባችንን እንጠርጋለን። እኔም ጠርጌአለሁ፣ አልዋሽም። ከዚያ ትዝ አለኝ፦ ልጁ ወንድ ነው። ቤቱ ወራሽ አገኘ። ያ ክፉ አባት ዕድሜውን ሙሉ ሲመኝ የኖረው ይሄንኑ አልነበር?