ጀማሪ ደራሲን አንድ ርዕስ ውስጥ አትቆልፉት

ሰሞኑን አንድ የጽሑፍ አሠልጣኝ የሰጡት ምክር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ደራሲ መሆን የሚመኝ ሰው ለወራት ጠፍቶ ወደ አጫጭር ጽሑፍ ሲመለስ፣ አንድ ርዕስ መርጦ ከእሱ ንቅንቅ አይበል ነው የሚሉት። ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሥራው ከጻፈ አንባቢ ግራ ይጋባበታል፤ ይባስ ብሎም ለመጽሐፉ ያስቀመጠውን ሐሳብ ይጨርሳል ይላሉ።

ሐሳብ ይጨርሳል? ፈረንሳዊው ደራሲ ሚሼል ደ ሞንቴኝ እ.ኤ.አ. በ1580 ድርሰቶቹን በሁለት ቅጽ ሲያሳትም ስለ ሽታ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ አውራ ጣት ሳይቀር ጽፏል። አላለቀበትም። በ1588 ሦስተኛ ቅጽ ጨመረ፤ በ1592 እስኪሞት ድረስም በታተመው መጽሐፍ ኅዳግ ላይ አዳዲስ ሐሳብ ሲጽፍ ነበር። እንግሊዛዊው ልብ ወለድ ጸሐፊ ቻርልስ ዲክንስም ስለ ለንደን ጎዳናዎችና ሱቆች በመጽሔትና በጋዜጣ ሲጽፍ ቆይቶ፣ እነዚያ ጽሑፎች በመጽሐፍ በወጡበት በዚያው በ1836 የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በየወሩ በክፍል በክፍል ማውጣት ጀመረ። አጫጭሩ ጽሑፍ ሐሳቡን አሟጦበት ቢሆን ኖሮ የቀረው ከየት መጣ?

ጀማሪ የሚጎድለው ሐሳብ አይደለም፤ የጀመረውን የሚጨርስ እጅ ነው። የ80,000 ቃላት መጽሐፍ ይዞ የተቀመጠ ሰው በሁለትና በሦስት ዓመት አንድ መግቢያና አንድ መደምደሚያ ቢጽፍ ነው። በየሳምንቱ 700 ቃላት የሚጽፍ ግን በዓመት 52 ጊዜ ይጀምራል፤ 52 ጊዜም ይጨርሳል። ሁሉም ስለ አንድ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ያው መግቢያ፣ ያው ቃላት ይመላለሳሉ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ጸሐፊው ራሱን መቅዳት ይጀምራል። ሕመም ሲጽፍ ስለ ሰውነትና ስለ ጊዜ መናገር ይማራል፤ ቤተሰብ ሲጽፍ ንግግር፤ ሥራውን ሲጽፍ ደግሞ አንድን ነገር ለማያውቀው ሰው በቅደም ተከተል ማስረዳት። ልብ ወለድ ሦስቱንም ይፈልጋል። አንድ ርዕስ ሦስቱን ከየት ያመጣል?

«አያቴ ጥንቁቅ ነበሩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አያሳይም። «አያቴ መነጽራቸውን ሳይወለውሉ ደብዳቤ አይከፍቱም ነበር» ሲል ግን «ጥንቁቅ» የሚለው ቃል አያስፈልግም። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ዛሬ ስለ አያት በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ብትወጣ አትጠፋም፤ ነገ የአንድ ገጸ ባሕርይ መነሻ ትሆናለች።

ሰው ወደ ጽሑፍ ተመልሶ ድጋሚ የሚጠፋበት ምክንያት ሌላ ነው። በየቀኑ እጽፋለሁ ብሎ ይነሳል፤ የመጀመሪያው ግለት ሲበርድ እጁ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ አንደኛውን ከማውጣቱ በፊት ያለቁ አራት ጽሑፎች ይኑሩት። ስለ ጠፋሁ ይቅርታ ብሎ አይጀምር፤ አዲሱ አንባቢ መጥፋቱን አያውቅም። ረቂቁን በአንድ ቁጭታ ጨርሶ ቢያንስ አንድ ቀን ያሳድረው፣ ከዚያ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ምላሱ የተደናቀፈበት ቦታ መታረም ያለበት ቦታ ነው። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሸፍኖ ይየው። ጽሑፉ ያለ እሱ ከቆመ ይሰርዘው፤ ያ አንቀጽ ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው ወደ ነገሩ ለመግባት ያንደረደረበት ብቻ ነው። ሁለት ጉዳይ አንድ ላይ ከገቡ ይለያያቸው።

የግል ጽሑፍ አንድ እውነተኛ አደጋ አለው፤ የሌላ ሰው ምስጢር። ስም መቀየር አይበቃም፤ ዘመድ ወዲያው ይለየዋል። ባለጉዳዩ አስቀድሞ ያንብበው፤ እምቢ ካለ ይቅር። አሠልጣኙ ግን ይህን አላነሱም።

አንባቢ ግራ ይጋባል የሚለውም ያው ስሕተት ነው። አንባቢ የሚከተለው የጸሐፊውን ዓይንና ድምፅ ነው፤ አንባቢን የሚያርቀው የተለያየ ርዕስ ሳይሆን ልፍስፍስ ዓረፍተ ነገር ነው። አሠልጣኞች ማዘዝ ካለባቸው ርዕሱ ከባለፈው ሳምንት የተለየ ጽሑፍ በየሳምንቱ እንዲመጣላቸው ይዘዙ። በስምንተኛው ሳምንት ስምንቱን መግቢያዎች ጎን ለጎን ዘርግተው ከሠልጣኙ ጋር ቁጭ ብለው ያርሙ።