ስክሪንሾት ለምታምኑ ሁሉ፦ አንድ ጊዜ ኤፍ 12ን ተጫኑ

ቱሉ ዲምቱ፣ እኛ ብሎክ ሥር ጤፍና ዘይት የሚሸጡ ጎረቤታችን ባለፈው ወር 4,800 ብር ተበሉ። ገዢው ስልኩን አውጥቶ «አስገብቻለሁ እትዬ፣ ይኸው» ብሎ የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት አሳያቸው። ስማቸው በትክክል ተጽፏል፣ የሂሳብ ቁጥራቸው አለ፣ ቀኑና ሰዓቱም አለ። ዘይቱን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሄደ። ብሩ እስከ ዛሬ አልገባም።

ሰፈሩ ሁሉ «ሃከር ነው» አለ። እኔ ላፕቶፔን ይዤ ወደ ሱቁ ወረድኩ። ከዚህ በፊት ራሴ የላክሁትን፣ በድረ ገጽ የሚከፈት የ200 ብር ደረሰኝ በክሮም (ድረ ገጽ በምንከፍትበት ማሰሻ) ከፈትኩና ኤፍ 12 የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። መስኮቱ ለሁለት ተከፈለ፤ በአንድ በኩል ደረሰኙ፣ በሌላው በኩል ደረሰኙ የተሠራበት ኮድ። ጥግ ላይ ያለችውን የቀስት ምልክት ነክቼ 200 የሚለው ላይ ሳሳርፋት፣ ኮዱ ውስጥ ያው ቁጥር ደምቆ ወጣ። ሁለቴ ጠቅ አድርጌ 20,000 ጻፍኩበት። ፊደሉ፣ መጠኑና ቀለሙ የገጹ የራሱ ስለሆነ ስፌቱ አይታይም። እትዬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት።

«ታዲያ አሁን ብሩ ገባ ማለት ነው?»

ገጹን እንደገና ስከፍተው 200 ተመልሶ መጣ። የባንኩ ኮምፒውተር ስለዚህ ሁሉ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የተቀየረው እኔ ዘንድ የደረሰው ቅጂ ብቻ ነው።

ይህ የሁለት ደቂቃ ትዕይንት «ከአጭበርባሪዎች ተጠንቀቁ» ከሚል የአንድ ዓመት ማስታወቂያ ይበልጣል ባይ ነኝ። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ የኮምፒውተር ማስገቢያና ማውጫ መሣሪያዎችን ዝርዝር በቃሌ ይዤ ነበር፤ ድረ ገጽ ምን እንደሆነ ግን ከፍቶ ያሳየኝ የለም። ታክሲ ተራው አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ቤት ዛሬም ኤፍ 12ን ብትጫኑ ባለቤቱ «ወንድሜ፣ ምን እየነካካህ ነው?» ብሎ ከወንበሩ ይነሣል። ኮምፒውተሩ የሚፈነዳ ይመስለዋል።

ኤፍ 12 የሚከፍተው ነገር «ድብቅ» መባሉ ራሱ ያናድደኛል። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1990 የሠራው የመጀመሪያው የድር ማሰሻ ማንበቢያ ብቻ ሳይሆን ገጽ መጻፊያና ማረሚያም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ፋየርበግ የተባለ፣ የገጽን ኮድ ከፍቶ የሚያሳይ፣ የፋየርፎክስ ማሰሻ ተጨማሪ መሣሪያ መጣ፤ ዛሬ ዋና ዋናዎቹ የኮምፒውተር ማሰሻዎች ሁሉ ተመሳሳዩን በነጻ ይዘው ይመጣሉ። የደበቀው የለም። የነገረን ነው የጠፋው።

በስልክ ላይ ግን ነገሩ ይለያል፤ ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሰፈር ኢንተርኔት ማለት ስልክ ነው፤ የስልኩ ክሮም ደግሞ ኤፍ 12 የለውም። የስልኩን ገጽ ከውስጥ ለማየት ቅንብሮች ውስጥ ገብቶ የአንድሮይዱን ግንባታ ቁጥር ሰባት ጊዜ መንካት፣ የገንቢዎችን ምርጫ መክፈት፣ ከዚያም በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። ፋየርፎክስም እ.ኤ.አ. በ2020 የአንድሮይድ መተግበሪያውን እንደ አዲስ ሲሠራ፣ የውስጥ ቅንብሮቹ የሚነኩበትን ገጽ ከመደበኛው እትም ላይ አነሣው። ስልክ ብቻ ያለው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሳሎን ተቀምጦ የሚስተናገድ እንግዳ ነው፤ ጓዳውን አያይም። የቀረበለትን ከማመን ሌላ ምን ምርጫ አለው?

«ሌባ ታሠለጥናለህ» ያሉኝ አሉ። ሌባው ቀድሞ ሠልጥኗል፤ ያልሠለጠኑት እትዬ ናቸው። ይልቅ የምፈራው ሌላ ነገር ነው፦ «ይህን ኮድ ኮንሶል ላይ ለጥፍ፣ ነጻ ጥቅል ታገኛለህ» የሚል መልእክት። ኮንሶል በኤፍ 12 መስኮት ውስጥ ያለ የትእዛዝ መጻፊያ ነው። የተላከላችሁን ኮድ እዚያ መለጠፍ የከፈታችሁትን አካውንት ቁልፍ ለማታውቁት ሰው እንደ መስጠት ነው። ክሮም ራሱ አሁን ለመለጠፍ መፍቀዳችሁን የሚገልጽ ሐረግ በእጃችሁ ካልጻፋችሁ አልቀበልም ይላል። ክሮም ውስጥ «ፍላግስ» የሚባለውን የሙከራ ገጽም ለእትዬ አላሳየሁም፤ እዚያ ያለው ያልበሰለ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ማሻሻያ ሊጠፋም ይችላል።

እትዬ አሁን የማንንም ስልክ አያዩም። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት 25 ኪሎ ጤፍ አስመዝኖ ስክሪንሾቱን ሲዘረጋላቸው «ቆይ ልጄ፣ የእኔ ስልክ ይናገር» አሉት። ኔትወርክ አልነበረም። ልጁ ጆንያውን እግሩ ሥር አድርጎ ሃያ ደቂቃ ያህል ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ሁለት ባጃጅ አለፈው። በመጨረሻ ብሩ ገባ፣ እውነተኛ ነበር። እትዬ ይቅርታ ጠየቁት፣ አንድ ኩባያ ጤፍም ጨመሩለት። እሱ ግን ሳይሰናበት ሄደ።