ግራቪቶን መብራት አያበራልንም

ፈረንጆቹ የስበትን ቅንጣት ግራቪቶንን ይዘው ነፃ መብራት ሊያመነጩበት ነው የሚል ወሬ በቴሌግራም ይዞራል፣ እዚህ ባህር ዳርም ደብረ ማርቆስም ልጆቹ ይቀባበሉታል፣ መብራት በየሰዓቱ እልም በሚልበት አገር እንዲህ ያለ ወሬ ቢጥማቸው አልፈርድም። ግን ውሸት ነው፣ ውሸት መሆኑን ደግሞ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በጠመኔ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ሲጀመር ግራቪቶንን እስካሁን ያየው የለም፣ በቲዎሪ ደረጃ ነው ያለው። ካለ ግን ኢነርጂው እንደ ብርሃኑ ቅንጣት እንደ ፎቶን ነው የሚሰላው፣ የፕላንክን ቋሚ ቁጥር (በጣም ትንሽ፣ የማይለወጥ የፊዚክስ ቁጥር ነው) በፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ሞገዱ በሰከንድ በሚርገበገብበት ብዛት፣ ማባዛት ነው በቃ። ላይጎ የሚባለው የአሜሪካኖቹ መሳሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የስበት ሞገድ (ግራቪቶን ካለ የግራቪቶኖች ጎርፍ ማለት ነው) የያዘው በኛ አቆጣጠር መስከረም 3 ቀን 2008፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ላይ ነው (ሞገዱ ጎጃምንም አቋርጦ ነው ያለፈው፣ ማን ልብ ብሎት!)፣ ፍሪኩዌንሲውም ከ35 እስከ 250 ኸርዝ ነበር። 100 ብላችሁ አባዙት፦ ዜሮ ነጥብ፣ ከዛ 31 ዜሮ፣ ከዛ 66 ጁል። የአረንጓዴ ብርሃን ፎቶን ከዚህ ከ5 ትሪሊዮን እጥፍ በላይ ነው። መምህራኖቻችን ላብራቶሪ የለንም ሲሉ እውነታቸውን ነው፣ ለዚህ ግን ሰሌዳ ይበቃል፣ ለምን እንደማይሰጡት አይገባኝም።

«እና 3 ፀሐይ የሚያህል ክብደት ወደ ኢነርጂ ተቀየረ የተባለውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ላይጎ የያዘውን ሞገድ የፈጠሩት ሁለት ብላክ ሆሎች (ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው አካላት) ሲጋጩ ያን ያህል ወጥቷል፣ ግን በግምት 1 ብላችሁ ከኋላው 79 ዜሮ የምትደረድሩለት ብዛት ላላቸው ግራቪቶኖች ተከፋፍሎ ነው፣ እነሱም ቁስን ዝም ብለው ሰንጥቀው ያልፋሉ፣ ላይጎ ራሱ 4 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ክንዱ ላይ ያየው ከፕሮቶን ስፋት አንድ መቶኛ ያነሰ ንቅናቄ ነው። መሬት ፀሐይን ስትዞር በስበት ሞገድ የሚወጣው ጠቅላላ ደግሞ 200 ዋት ገደማ ነው፣ የኛ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይበላል።

የፊዚክስ ሊቁ ፍሪማን ዳይሰን አንዷን ግራቪቶን ለይቶ መያዝ ይቻል እንደሆነ ራሱ ይጠራጠር ነበር። በፈረንጆቹ 2024 የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ እነ ኢጎር ፒኮቭስኪ በጣም በቀዘቀዘ ብረት ልንሞክር እንችላለን ብለው ሐሳብ አቅርበዋል፣ ቢሳካላቸው ደስ ይለኛል፣ ግን የሚፈልጉት አንዷን ቅንጣት ማየት ነው እንጂ መብራት ማውጣት አይደለም።